ለታጠቀ ሰው መርዶ

አበልጄ ሽጉጥ የገዛው በፍሪጅ ምክንያት ነው።

ፍሪጁ የእሱ አልነበረም። ከሜሪላንድ በድልድይ በምትለየው አሌክሳንድሪያ ውስጥ እሱ በሚኖርበት አፓርትመንት፣ ምድር ቤት ያሉ የአንዲት አሮጊት ጎረቤቱ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁለት ጎረምሶች ፓርኪንጉ ውስጥ ተጣሉ። አንደኛው ሽጉጥ አወጣና ተኮሰ። ጥይቱ የታሰበለትን ሰው ስቶ በአሮጊቷ የወጥ ቤት መስኮት ገባና ፍሪጁን በሳው። አሮጊቷ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያዩ ነበር። ማንም አልተነካም። በማግስቱ የአፓርትመንቱ ማኔጅመንት ለነዋሪው ሁሉ ኢሜይል ላከ፤ የነዋሪዎች ደኅንነት ከምንም ነገር በላይ እንደሚያሳስበው ገለጸና እግረ መንገዱን የመዋኛ ገንዳው ለእድሳት መዘጋቱን አሳወቀ።

አበልጄ የምለው የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝን ሰው ነው። ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። እንኳን ሽጉጥ ሊተኩስ፣ ምስማር ሲመታ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። አዲስ ማይክሮዌቭ የገዙ ጊዜ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሚስቱን ፈተናት፤ መልሷ ስላላጠገበው ፋሲካ እስኪደርስ ድረስ ምግብ የምታሞቀው ምድጃ ላይ ነበር።

ታዲያ ይህን ሰው ነው ሚስቱ ደውላ «አበልጅሽ ታጥቋል» ያለችኝ።

«ምን ታጥቆ?»

«ሽጉጥ ነዋ! ክላስ ወስዶ፣ ወንጀል እንደሌለበት አጣርተውለት ባክግራውንድ ቼኩን ፓስ አደረግኩ ብሎ ኬክ ይዞ መጣ። ‹እንኳን ደስ አለህ በዪኝ› ይለኛል።»

«አልሽው?»

«ኬኩን በላሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀጥታ ወደ እነሱ ቤት ነዳሁ። የሄድኩት ልቆጣው ነው፤ አልደብቅም። እሱ ግን ቁጣዬን እንደ ጥያቄ ቆጥሮ ሊያስረዳኝ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከጫማ ካርቶን ትንሽ ከፍ የሚል የብረት ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል፤ በቁጥር የሚከፈት ነው። ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ ተቆልፎ መግቢያው አጠገብ ካለው ኮት መስቀያ በላይ ተቀምጧል። ሽጉጡን አውጥቶ አላሳየኝም። እኔም አሳየኝ አላልኩም። የተነጋገርነው ስለ ሣጥኑ ነው።

«ሁልጊዜ እንደጎረሰ ቁጠሪው» አለኝ።

«ባዶ ነው አላልክም?»

«ባዶ ነው። አንቺ ግን እንደጎረሰ ቁጠሪው። ሰው የሚገድለው ባዶ ነው የተባለ ሽጉጥ ነው።»

ይህን ያለችው ክላስ የሰጠችው ሴትዮ ናት። አበልጄ ከሷ የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ጣት ከምላጭ ይራቃል፤ አፈሙዝ ወደማይገደል ነገር አይዞርም፤ መጠጥ በቀመሱበት ቀን ሣጥኑ አይነካም። አበልጄ መጠጥ አይቀምስም፤ ቢሆንም ይህንንም በቃሉ ይዞታል።

«እሺ፣ ሌባ ቢመጣስ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ። ከዚያ መነጽሬን አደርጋለሁ። ከዚያ ይሄን ሣጥን እከፍታለሁ። ከዚያ ሄጄ ያኛውን…»

«ሌባው እስከዚያ ሻይ ይፈላለት?»

ሚስቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «ሌባ ይጠብቀኝ። እዚህ ቤት ያንቺ ልጆች ይመጣሉ። እነሱ ከሚያገኙት ሌባው ቢያመልጠኝ ይሻለኛል» አለኝ። ተናደድኩ። መጀመሪያውኑ ባይገዛው ማንም እንደማያገኘው ነግሬው ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት አስፐን ሂል የሚኖር አንድ የምናውቀው ሰው ሞቶብን ነበር። ትዳሩ ፈርሶ ብቻውን ይኖር ነበር። ለቅሶው ላይ ሁሉም ሰው «ልቡ ነው» አለ። እኔም «ልቡ ነው» አልኩ። ልቡ አልነበረም። ቤቱ ሽጉጥ ነበረው። አስከሬኑ አገሩ እንዲገባ ከዚህ ቢሮ እዚያ ቢሮ ሲሯሯጥ የሰነበተው ደግሞ አበልጄ ነው። ያን ያየ ሰው እንዴት ብሎ ይህን ዕቃ ቤቱ ያስገባል? ልጠይቀው አስቤ አፌን ያዝኩ። ልቡ ነው ብለን ተስማምተን የለ?

ከዚያ ደግሞ እኔ ሰፈር፣ ከመስኮቴ የሚታየው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አንድ ወጣት ተገደለ። ማን እንደገደለው፣ ለምን እንደገደለው የሰማ የለም። ቦታው ላይ ሻማና አበባ ተደረደረ፤ ፊኛም ታሰረ። ፊኛዎቹ ቀን በቀን ሲሟሽሹ እያየሁ ሥራ ሄድኩ፣ ከሥራ ተመለስኩ። አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ቁጭ ብላ የወደቁትን ሻማዎች ስታቃና አየኋት። እናቱ መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወርጄ ላናግራት ኮቴን ለበስኩና ምን እንደምላት ጠፍቶኝ መልሼ አወለቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ስተኛ የሳሎኑን ወንበር በሩ ላይ አስደግፋለሁ። ይህን ለአበልጄ አልነገርኩትም፤ አሸነፍኩ እንዲል አልፈለግሁም። እሱ ግን ስለ ወጣቱ ሲሰማ ሣጥኑን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ትራስጌው አደረገው። የጥይቱም ሣጥን ከኮት መስቀያው ወርዶ መኝታ ቤት ገባ። «ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ይላል» አለችኝ ሚስቱ። «ፍሪጁ በረዶ ሲጥል እንኳ ይነሣል። ጠግቤ ከተኛሁ ቆየሁ።»

እንዲህ እያለን የአበልጄ እናት ሞቱ።

እናቱ ደብረ ብርሃን ነበር የሚኖሩት፤ እሱ አንድ ልጃቸው ነው። የእረፍት ሰዓቱ ላይ በየቀኑ ይደውልላቸዋል። የበሉትን፣ የጎረቤታቸውን ዶሮ፣ የጉልበታቸውን ሕመም አንድ በአንድ ይነግሩታል። እሱም ለእኛ ይነግረናል፤ ሳናያቸው የጉልበታቸውን ነገር ከራሳችን ጉልበት ይልቅ እናውቀዋለን። የሞታቸው ቀን አጎቱ የደወሉት ለሱ ሳይሆን ለሚስቱ ነው። እሷም የሰማችውን ሰምታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እራት አቀረበችለት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚችል አላውቅም። እኔ ብሆን ድስቱን እላዬ ላይ እደፋው ነበር።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ሳያስታውቅ፣ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ደጅ ላይ ይቆማል። ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ግማሹን ያውቀዋል፤ የቀረውን ሽማግሌ ይነግረዋል። አበልጄ ቅዳሜ ሥራ አይገባም፤ ስለዚህ ቅዳሜ እንዲነገረው ተወሰነ። ዋዜማውን ከሥራ መልስ አንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ፣ በርክ ከሚባል ሰፈር በመጡት ሽማግሌ፣ በዕድራችን ሰብሳቢ መኪና ውስጥ ታጭቀን መከርን። ሽማግሌው ከፊት፣ እኔና ከዕድሩ የተመረጡ ሁለት ጉልበተኞች ከኋላ ነን። ጉልበተኞቹ የተመረጡት መርዶ የተነገረው ሰው ሲወድቅ ወገቡን እንዲይዙ ነው። መርዶ ስናውቅ የኖርን ሰዎች ነን። ሰው ትራስጌ ስላለ ሽጉጥ ግን የምናውቀው ነገር አልነበረም።

«ደጅ ደርሰን ኮል ብናደርገውስ?» አለ አንደኛው ጉልበተኛ። «‹እኛ ነን፣ እንዳትተኩስ› እንበለው።»

«ከዚያስ?» አሉ ሽማግሌው። «‹ምነው በዚህ ሰዓት?› ሲልህ ‹እንዲያው ናፍቀኸን› ልትለው ነው?»

«ታዲያ ሌላ ሰው ቤት ጠርተን እንንገረው።»

«ነግረነውስ፣ ሲመሽ የት ገብቶ ይተኛል?»

የአስፐን ሂሉን ሰው ያነሣ የለም፤ ሁላችንም ግን የምናስበው እሱን ነበር። ሌባ መስለነው ቢተኩስብንስ ብለን መፍራታችን እውነት ነው። ያ ግን ትንሹ ፍርሃታችን ነው። ትልቁ ፍርሃታችን አጽናንተነው ከተመለስን በኋላ ከዚያ ሣጥን ጋር ብቻውን ሲቀር ነው።

«እኛ አገርም እኮ ሰው ታጥቆ ነው የሚያድረው» አሉ ሽማግሌው ቆይተው። «አባቴ የወንድሙ መርዶ ሲነገረው፣ ጎረቤት ከዋዜማው መጥቶ ‹ጅብ አስቸገረኝ› ብሎ ጠመንጃውን ተውሶት ነበር። ሰው መርዶ የሚሰማው ባዶ እጁን ነው።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ምን ብዬ ልዋሰው? ሲልቨር ስፕሪንግ ጅብ ገባ ልበለው?»

«አንቺ ነገር አታጪም» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም።

ከመኪናቸው ወርጄ የራሴ መኪና ውስጥ ገባሁና ደወልኩለት። መግቢያ የሚሆን ወሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ድምፁን ስሰማ ጠፋኝ።

«አበልጅ፣ ያን ነገር ለጥቂት ቀን ብታውሰኝ?»

«የቱን ነገር?»

«ሽጉጡን።»

«ሽጉጥ ድስት ነው እንዴ የሚዋሱት?» አለኝ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ድልድዩን ተሻግሬ ሜሪላንድ ስገባ ሕጉ ይለወጣል። ያልተማረ ሰው እጅ መስጠት ነውር ነው። እንዲያውም በሕግ ባይከለከል እንኳ እሱ አይሰጥም። ሱፐርማርኬቱ የገቡ ሰዎች ገዝተው ወጡ፤ እሱ ገና ስለ ቁልፍ እየነገረኝ ነው። ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ። «ገባኝ እኮ። እዚያ የተገደለው ልጅ ነው ያስፈራሽ። ለምን አልነገርሽኝም? ሰኞ ኦፍ ነኝ፤ ክላስ አስመዘግብሻለሁ። አብረን እንሄዳለን።»

«እሺ» አልኩት። ሰኞ የት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲያጽናናው ነው።

ሊዘጋ ሲል «እማዬን እኮ ሰሞኑን አጣኋት» አለኝ። «ስደውል አይነሣም።»

«ኔትወርክ ነው» አልኩት።

«እነ አጎቴም ኔትወርክ ነው ይሉኛል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ሽማግሌው መስታወቱን አንኳኩተው «እህ?» ሲሉኝ «አይሰጥም» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ ዕቅድ ወጣ፤ ሚስቱ በሩን ቀስ ብላ ትከፍታለች፣ ሁለቱ ጉልበተኞች ፈጥነው ገብተው በሱና በመኝታ ቤቱ መሃል ይቆማሉ፣ እኔ ድምፄን እያሰማሁ እከተላለሁ፣ ከዚያ ሽማግሌው ይገባሉ። መኪና ውስጥ ሲወራ ቀላል ነበር።

ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጥይት በተተኮሰበት በዚያ በአፓርትመንቱ ፓርኪንግ በዝምታ ሲራመዱ ለጎረቤቱ ምን እንደሚመስል ያሰብነው መሃሉ ላይ ከደረስን በኋላ ነው። አንድ መስኮት ላይ መብራት በራ፤ ወዲያው ጠፋ። ሌላ ቦታ መጋረጃ ተገለጠ፤ ተመልሶ ተዘጋ። ሽማግሌው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው አጥፈው «ቀስ በሉ፤ እጃችሁ ይታይ» አሉን በሹክሹክታ። ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ሲናገሩ እንዲህ ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሚስቱ በተባለችው ሰዓት በሩን ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። እዚያ ቤት በጫማ አይገባም፤ ማንም ገብቶ አያውቅም። ሁለቱ ጉልበተኞች ንጹሑን ምንጣፍ ሲያዩ ይሉኝታ ያዛቸውና ጎንበስ ብለው የቡት ጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። ልረግጣቸው ምንም አልቀረኝም። «ግቡ!» ስል ድምፄ አልወጣም።

ቀና ስል አበልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። በቁምጣና በካናቴራ ነው፤ እጁ ባዶ ነው። ሚስቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ከኋላዬ ሽማግሌውን አየ። ነጠላቸውንም አየ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየሁ። ዞሮ መኝታ ቤት ገባ።

ሽማግሌው «በስመ አብ» አሉ። አንዱ ጉልበተኛ አንድ እግሩን ሳያወልቅ ሲሮጥ ሌላውን ጠልፎ ጣለው። ሚስቱ ጮኸች። እኔ «አበልጅ! አበልጅ!» እያልኩ ወደፊት ሮጥኩ፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም። ሳሎኑ መሃል ስደርስ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሣጥኖቹን ይዞ ወጣ። ሁለቱንም ደራርቦ ደረቱ ላይ አቅፏቸዋል፤ ሁለቱም ተቆልፈዋል። ሊይዘው የተዘጋጀውን ጉልበተኛ አልፎት ወደ እኔ መጣና ጭኔ ላይ አኖራቸው።

«ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አለኝ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ጋሼ፣ አሁን ይንገሩኝ» አለ።

ነገሩት። ሲወድቅ ያዙት፤ አንደኛው ያዢ በአንድ እግሩ ቡት፣ በሌላው ካልሲ ነው። የወጣውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም። ፀሐይ ሳትበረታ ቤቱ በሰው ሞላ። ሶፋው ወደ ጥግ ተገፋ፤ እኔም ከነሶፋው ተገፋሁ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ ምግብ መጣ፣ አንድ ቡና ቤት የሚያጠጣ ውሃ በካርቶን ገባ። የሚገባው ሁሉ ሲጮህ አብሬ ተነሥቼ መጮህ፣ ደረቴን መምታት ነበረብኝ። እጄን ባነሣ ሣጥኖቹ ይወድቃሉ። ሴቶች «ምነው እሷ እንዲህ ደረቀች?» ሲባባሉ ሰማሁ። አንዷ ጌጥ መስሏት «አምጪ፣ ላስቀምጥልሽ» ብላ እጇን ዘረጋች። ይቅር አልኳት። መታጠቢያ ቤትም ይዣቸው ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ጋብ ሲል አበልጄ ከፍራሹ ተነሥቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁ ተዘግቷል። ጭኔ ላይ ያሉትን ሣጥኖች አየ።

«አበልጅ፣ ስጪኝ» አለኝ።

«አልሰጥህም።»

«ቦታው ላይ ልመልሰው ነው። የኔ ነው እኮ። በእናቴ፣ ስጪኝ።»

ዓይኑን አየሁት። ይህን ሰው ስንት ዘመን አውቀዋለሁ፤ ያን ዓይኑን ግን አላውቀውም። ደጅ ላይ የፈራሁት ፍርሃት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

«አልሰጥህም» አልኩት ደግሜ፣ ሣጥኖቹን በሁለት ክንዴ ወደ ሆዴ ሳብኳቸው።

እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ። አልታገለኝም። ቆይቶ እጁን አነሣና ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «እማዬ» እያለ ያለቅስ ጀመር። ሁለት እጄ ተይዞ ስለነበር ላቅፈው አልቻልኩም። ራሱን በአገጬ ደግፌ ያዝኩት።